ሠላሳ ሰባተኛው

ጋሽ ይሁኔ ፎቶ ቤቱን ዘግተው የወጡ ለታ
ወንበሩ ዕድር ገባ፣ መጋረጃው ለጨረታ፤
ለእኔ ይህ ዜኒት ደረሰኝ፣ ጥግ ጥጉ የተላጠ፣
ማንገቻው አርጅቶ በሲባጎ የተለወጠ፤
አንገቴ ላይ ሳጠልቀው እንደ መጅ የከበደ፣
አንድ ብሎን፣ የት እንደሁ እንጃ፣ ከውስጡ ወልቆ የሄደ።
«ባትሪ አያውቅም» አሉኝ፤ «መብራት ሄደ መጣ አይለውም።
ግን አንተ ካላየህ፣ እሱ አይቶ አያሳይህም።»

ሌንሱን ወደ ሰማይ አንስቼ ሳየው
ከመስታወቱ ጀርባ አንድ ነገር በቅሏል፤
ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፍ ጫፉ የተበተነ።
ሻጋታ።
አርባ ክረምት መሳቢያ ውስጥ
ሐይቁ ሲተነፍስበት ኖሮ።
«ጣና ደንገል የማያበቅልበት ቦታ የለውም፤
እዚህም አብቅሏል። እንዳትፍቀው፣ ትጭረዋለህ።
ፀሐይ ከፊት ስትመጣ ትንሽ ጭጋግ ይጥልብሃል።
ቻለው።»

ብርሃን መለኪያው ሞቷል፤ መርፌው እንደተኛ ቀርቷል።
ስለዚህ በቃል አስጠኑኝ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም፦
ጥላህ ጠቁሮ ሲከተልህ፣ አሥራ ስድስት።
ደመና ሲያሳሳው፣ አሥራ አንድ። ጨርሶ ሲጠፋ፣ ስምንት።
ዋርካው ሥር፣ አራት፤ ትንፋሽህንም ያዝ።
ከዚያ ወዲያ ያለው የጅብ ነው፣ ወደ ቤትህ ግባ።

በማግስቱ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ሐይቁ ወረድኩ።
ሠላሳ ስድስት ብቻ ነው ያለኝ፤
ከአዲስ አበባ በሾፌር እጅ የመጣ አንድ ጥቅል፣
ዋጋውን ለእናቴ ያልነገርኳት።

እንድሪስ ታንኳውን ከውኃ አውጥቶ
ሊያደርቃት አቁሟታል፤ ውኃዋ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል።
ቀለበቱን በጣቴ እያዞርኩ
ከድፍርሱ ውስጥ ፊቱን አወጣለሁ፤
መጀመሪያ ጆሮው ጠራ፣ ቀጥሎ ጉንጩ፣
ከዚያ ሽፋሽፍቱ ላይ የቀረች አንዲት ጠብታ።
ቀጭ።

ዘነቡ ቢላዋዋን ድንጋይ ላይ ትስላለች፤
አራት ፔሊካኖች እንደ ቀበሌ ባለጉዳይ
ፊቷ ተሰልፈው ይጠብቃሉ።
ቀጭ።
የዓሣው ቅርፊት ክንዷ ላይ ሲያበራ
አሥራ አንድ ነበር፣ ወይስ ስምንት? ደመናዋን ጠየቅኳት።
ቀጭ።

ሲመሽ ዓባይ መውጫ ላይ ነበርኩ፣
ውኃው ሐይቅነቱን ሊተው ሲያመነታ።
ሠላሳ ስድስተኛው ላይ ፀሐይ ከፊት መጣች፤
ሻጋታው እንደ ደረቅ ደንገል ተያያዘ።
ማንሻውን ሳብኩ፤ እሺ አለኝ።
ሠላሳ ሰባት።
ደግ ፊልም ነው፣ አልኩ፤ አንዳንዱ ይመርቃል።
ሠላሳ ስምንት።
አርባ ላይ እጄ ቀዘቀዘ።
መጠቅለያዋን ቀስ ብዬ አዞርኳት፤
የሚይዛት የለም፣ እንደ ነፋስ ዞረች።
ጫፉ ጥርሱን አልነከሰም ነበር። ከመጀመሪያው።
ቀኑን ሙሉ በባዶ ሆዱ ሲያጨበጭብልኝ ውሏል።

ጋሽ ይሁኔ እስኪያስላቸው ሳቁ።
«እኔ በሰው ሠርግ ነው እንዲህ የሆንኩት!
ሙሽራው እስኪበርድለት ዘጌ ተሻግሬ
ሦስት ሳምንት ሎሚ ስለቅም ከረምኩ።
ያነሳሁት ሠርግ ሁሉ ጠፍቶኛል፤
የዚያችን ሙሽራ ግን፣ ጆሮዋ ላይ ያረፈችውን ዝንብ ሳይቀር…»
አልጨረሱትም።
«በል ንገረኝ። ከአንድ ጀምር።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ከአንድ ጀመርኩ።
እንድሪስ ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤
ፔሊካኖቹ ላይ «ስንት ከፈትክ?» አሉ፤
ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ
የሌለ ቀለበት ያዞሩ ነበር።

ሠላሳ ሰባተኛዋ፣ ያቺ በምርቃት የመጣችው፣
ከባጃጅ የወረደች ልጅ ናት፤
ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ
ጫማዋን ታወልቃለች፣ አንዱን ብቻ።

«ድገማት» አሉ። «ትንሽ ደብዝዛብኛለች።»
ደገምኳት፣
ቀስ ብዬ፣
እስክትጠራላቸው።